ናፍጣውን የሚከፍለው ማን ነው?

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በኋላ ከመርካቶ ጎን ወዳለው የአገር አቋራጭ መናኸሪያ፣ አውቶቡስ ተራ፣ የገባ ሰው ከረዳቶቹ ጥሪ ቀድሞ ጭሱ ይቀበለዋል። ቆሞ ያደረ ሞተር ሲነሣ ጥቁር ይተፋል፤ እስኪሞቅ ድረስም ሾፌሩ ነዳጅ እየረገጠ ያስጓራዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው፤ አየር ያነሰው ናፍጣ ደግሞ በወጉ አይቃጠልም። የነዳጅ ፖምፓው ባረጀ አውቶቡስ ላይ ይህ ይብሳል፤ ሞተሩ ማቃጠል ከሚችለው በላይ ይቀዳለታል፣ ትርፉ ጥላሸት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። እንግዲህ ያ ጭስ የባለንብረቱ ገንዘብ ነው፤ ማደያ ተከፍሎበት፣ አንድ ተሳፋሪ አንድ ሜትር እንኳ ሳያራምድ መርካቶ ሰማይ ላይ የተበተነ ናፍጣ።

ኪሳራነቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ለምን ይህን ያህል ዘመን ዘለቀ? አጓጓዥ የሚባል ሁሉ፣ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ ያለው ኩባንያም ሆነ የአንድ ቅጥቅጥ ባለቤት፣ አካባቢን ወደማይጎዳ አሠራር የሚሄደው ምን ሲገፋው ነው? የትልልቅ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ስለ ምድርና ስለ መጪው ትውልድ ያትታል። የመጓጓዣን ታሪክ ወደኋላ ሄዶ ላየ ግን መልሱ ደረቅ ያለ ነው፦ የነዳጁ ሒሳብ ያረፈበት ይለወጣል፣ ያላረፈበት ባለበት ይቆያል። ሕሊና የሚባለው ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከሒሳቡ በኋላ ይደርሳል።

የዚህን አገር ጭነት ለዘመናት የተሸከመው ሲራራ ነጋዴ ነዳጅ አልገዛም። በቅሎው፣ አህያውና ግመሉ ያገኙትን ሣር እየጋጡ ከሸዋ ወደ ዘይላና ወደ ታጁራ ሳምንታት ይጓዙ ነበር። ዛሬ ቢሆን «ከካርበን ነጻ» ተብለው በተሸለሙ፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ምርጫ አልነበረም። ምርጫው ሲመጣ ማንም አላመነታም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የግመሉ ዘመን በዚያ መስመር ላይ አበቃ። በእንፋሎት የተጀመረው ባቡር ኋላ ወደ ናፍጣ ሲዞርም ምክንያቱ ወጪ ነው፤ በበረሃ መስመር ላይ ለእንፋሎት የሚሆን ውሃ ማቅረብ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር።

መርካቶ የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ምዕራፍ ልጅ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ወራሪው ሲወጣ ለጦር ብሎ የጠረጋቸው መንገዶችና የፊያት የጭነት መኪኖች ቀሩ። እነ ትሬንታኳትሮ የተባሉት መኪኖች ያንን መንገድ ይዘው እህሉንም ሰውንም አንድ ላይ ጭነው ከአገር አገር መመላለስ ያዙ። የጋራዥ አማርኛችን ከፍሪሲዮን እስከ ካምቢዮ ጣሊያንኛ የሚሸተውም ከዚያ ወዲህ ነው። የአገር አቋራጭ መናኸሪያው ከገበያው ጎን መተከሉ የግድ ነበር፤ ነጋዴውና ሸቀጡ በአንድ መኪና ይሄዱ ነበርና።

ያ መናኸሪያ የራሱን ሥርዓት አበጀ። መኪና በተራው ይገባል፣ በተራው ይጭናል፣ ሳይሞላ አይወጣም። መንገደኛው በዚህ ሲማረር ኖሯል፤ ልጅ ታቅፎ የመጨረሻው ወንበር እስኪያዝ መጠበቅ ያንገሸግሻል። በነዳጅ ዓይን ሲታይ ግን ከዚህ የተሻለ ቁጠባ ማሰብ ይከብዳል። በሰዓት ሰሌዳ የሚነሣ ግማሽ ባዶ አውቶቡስ ለአንድ መንገደኛ ሲካፈል ከሞላው እጥፍ ገደማ ያቃጥላል። የአውቶቡስ ተራው መኪና ወንበሩ ብቻ አይደለም የሚሞላው፤ ፖርቶ መጋላውም ባዶ አይሄድም። የደብረ ማርቆሱ ባለሱቅ ከመርካቶ የገዛው ባልዲ፣ ፍራሽና የጫማ ካርቶን ሸራ ለብሶ፣ በገመድ ተቀርቅቦ እዚያ ላይ ይወጣል፤ ለብቻው መኪና ቢከራይለት ኖሮ የሚነደው ናፍጣ ይቀራል። ረዳቱ «ሞልቷል፣ አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ስለ ከባቢ አየር አያስብም። በባዶ ወንበር ላይ የሚነደው ናፍጣ ግን ከማን ኪስ እንደሚወጣ አሳምሮ ያውቃል።

ጎማውንም ተመልከቱ። ጥርሱ አልቆ ከመንገድ የወጣ ጎማ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ በረባሶ ሰሪ እጅ ይገባል። ባለሙያው ቢላውን ውሃ እያስነካ ጎማውን በስሱ ይገፍፋል፤ ደረቅ ቢላ ላስቲክ ላይ ይይዛል። ሶሉን ከጎማው፣ ማሠሪያውን ከካላማዳሪው ያወጣል፣ በሚስማር ይመታል፣ ጫማ ይሆናል። ምናለሽ ተራ ስንገባ ደግሞ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪናው ቅጠል ባልስትራ መጥረቢያ ሲሆን እናያለን። ቆራሌው ከየመንደሩ የሚለቅመው ሁሉ የሚያርፈው እዚሁ ነው። የሠለጠነው ዓለም «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» እያለ ጉባኤ የሚጠራበት ነገር መርካቶ ውስጥ ያለ ጉባኤ ሲሠራ ኖሯል። ግን ማሞካሸቱን ልግታው። እዚያው ሰፈር ከሞተር የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት ገዢ ሲያጣ ቦይ ይደፋል፤ ከቦዩ ወንዝ ይገባል። ጎማው የተለቀመው ዋጋ ስላለው ነው። ወንዙ ሒሳብ የሚጠይቅለት ስለሌለው ዘይቱን ይጠጣል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለ ይመስለኛል።

ታዲያ ባለአውቶቡሱ ለባዶ ወንበር ይህን ያህል ከተጠነቀቀ ስለሚጨሰው ሞተሩ ለምን ግድ አጣ? ለዚህ ወደ የካቲት 1966 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። የዐረብና የእስራኤል ጦርነት የነዳጅን ዋጋ በዓለም ላይ ሰቅሎ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጭማሪውን ወደ ማደያ አወረደው። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ደንግጦ ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም የተነሣው ማዕበል ግን አልተመለሰም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ። አብዮቱን የነዳጅ ዋጋ ብቻ አላመጣውም፤ ከዚያ ወዲህ የተቀመጠ መንግሥት ሁሉ ግን ያንን የካቲት አልረሳም። ደርግ ነዳጅን በኩፖን አደለ። ቀጥሎ የመጣው መንግሥት የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ አቋቁሞ የዓለም ገበያን ጭማሪ በራሱ ላይ አከማቸ፤ የፈንዱ ዕዳ ኋላ ከ100 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ።

ይህ ደግነት አንድ ውጤት አመጣ። ታሪፉን መንግሥት ይተምን፣ ናፍጣውን መንግሥት ይደጉም ነበር፤ ባለንብረቱ ዘንድ የጭስ ኪሳራ ሳንቲም ሆኖ ታየ። ፖምፓ ማስተካከል የጋራዥ ወጪ አለው፣ መኪናውም ከሥራ ውጭ ይውላል፤ አዲስ አውቶቡስ መግዛት ደግሞ ሚሊዮኖችን ይጠይቃል። ርካሽ ናፍጣ ባለበት አገር አሮጌ ሞተር ትርፋማ ነው። የሐያ ዓመት ታታ ከሱሉልታ አቀበት ላይ ጥቁር ደመና እየጎተተ ሲወጣ የምናየው ሾፌሩ ግዴለሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ሒሳቡ የሚጎዳው ሌላ አካል ግን ነበር፤ ግምጃ ቤቱ። ነዳጅ በብር ይሸጣል፣ የሚገዛው በዶላር ነው፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ የሚገባው ሁሉ የተጣራ ነው። ለዚህ ነው በአገራችን የ«አረንጓዴ» መጓጓዣ ግፊት ከባለመኪናው ሳይሆን ከመንግሥት ሲመጣ የኖረው። በ2001 ዓ.ም. ነዳጅ በዓለም ላይ ከተሰቀለ በኋላ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል 5 በመቶ እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ ማደያዎች መሸጥ ጀመረ፤ ኋላም 10 በመቶ ደረሰ። ዓላማው ምንዛሪ ማዳን ነበር። የተቀላቀለው ግን ከቤንዚን ጋር ስለነበረ የአውቶቡስ ተራን ናፍጣ አልነካውም።

አሁን ወደ ባሕሩ እንውረድ፤ መርካቶ የሚራገፈው ኮንቴይነር ከዚያ ነውና የሚመጣው። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ በ1958 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ ወደብ አልባ ሆንን፤ የ1990 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ አሰብን ዘግቶ ወደ ጅቡቲ አዞረን። መርከቦቹ ግን በሰንደቅ ዓላማችን ሥር መጓዛቸውን ቀጠሉ። በ2004 ዓ.ም. ድርጅቱ ከደረቅ ወደብና ከትራንዚት አገልግሎቶች ጋር ተዋሕዶ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆነ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ገደማም በቻይና የተሠሩ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች መጡ፤ ከእነዚህ ሁለቱ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር፣ ነዳጅ ጫኞች ነበሩ። ያረጀ መርከብ ብዙ ነዳጅ ይበላል፣ በየወደቡ ፍተሻ ይይዘዋል፣ ኢንሹራንሱም ይወደዳል። አዲስ መርከብ መግዛት ለአየሩ ደግ ነው፤ ያስገዛው ግን ይህ ሁሉ ወጪ ነው።

የዓለም የባሕር ንግድም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። መርከብ ከዓለም ንግድ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን በመጠን ይሸከማል፤ በዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ውስጥ ያለው ድርሻ ወደ 3 በመቶ ነው። ለአሥርት ዓመታት ያቃጠለው ከማጣሪያ ጣቢያ የተረፈውን አተላ ነበር፤ ርካሽ ነዋ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለች ነዳጅ ጫኝ በእንግሊዝ ዳርቻ ተሰብራ ባሕሩን ባጠቆረች ጊዜ መርከቦች ባሕርን እንዳይበክሉ የሚደነግገው ማርፖል የተባለው ስምምነት ተጠነሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለች ሌላ ነዳጅ ጫኝ አላስካን ስትበክል አሜሪካ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሁሉ ባለድርብ ግድግዳ እንዲሆን ሕግ አወጣች። ሁለቱም ጊዜ ኩባንያዎቹ ቀድመው አልተነሡም፤ ዘይቱ ዳርቻ ላይ ሲወጣና ካሳው ሲቆለል ነው ሕጉ የመጣው።

በፈቃዳቸው ያደረጉት አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር ቀስ ማለት ነው። የመርከብ ነዳጅ ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ በብዙ እጥፍ ይንራል። ፍጥነትን በ10 በመቶ መቀነስ ለአንድ ጉዞ የሚያስፈልገውን ነዳጅ በ20 በመቶ ገደማ ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 ነዳጅ ሲወደድና ወዲያው ገበያው ሲቀዘቅዝ ታላላቆቹ ኩባንያዎች፣ ሜርስክን ጨምሮ፣ መርከቦቻቸውን ማዘግየት ያዙ። ብክለቱም በእግረ መንገድ ቀነሰ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ሲይዙ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው፣ የባከነውን ጊዜ ለማካካስም ፈጥነው ሄዱ። ያ ሁሉ የአካባቢ ጥበቃ መርሐ ግብር ደኅንነትና የጊዜ ቀጠሮ ሲመጣ ወደ ጎን ተባለ።

እዚህ ላይ አውቶቡስ ተራን በደንብ የሚመስል የባሕር ችግር አለ። ብዙ መርከብ የሚሠራው በኪራይ ነው፤ በተለመደው የጊዜ ኪራይ ውል ነዳጁን የሚከፍለው ተከራዩ ሲሆን ሞተሩን የሚያሻሽለው ባለመርከቡ ነው። ባለመርከቡ ገንዘቡን አውጥቶ ቢያሻሽል ቁጠባው የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ያመነታል። የእኛ ባለአውቶቡስ መንግሥት ናፍጣውን ሲደጉምለት ያመነታው በዚሁ ስሌት ነው። የለንደኑ ዓለም አቀፍ የባሕር ድርጅት ይህን ቋጠሮ በግዴታ ሊፈታ ሞክሯል። ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወረደ፤ ባንዲራው የማንም ይሁን፣ መርከቡ የሚገባበት ወደብ ይፈትሸዋል። አውሮፓ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወደቦቿ የሚያልፍ መርከብ ለካርበኑ እንዲከፍል አድርጋለች። ጎረቤታችን ጅቡቲም በወደቧ በሚያልፉ መርከቦች ልቀት ላይ በቶን 17 ዶላር የሚያስከፍል ሥርዓት ጀምራለች። ይኸኛው ለእኛ ቀልድ አይደለም፤ የገቢ ዕቃችን አብዛኛው በጅቡቲ ስለሚያልፍ ክፍያው ዞሮ ዞሮ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ባለው ዋጋ ላይ ይታከላል።

ባንኮችና ትልልቅ አስጫኞችም ገብተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለመርከብ ግዢ የሚያበድሩ ባንኮች «የፖሳይዶን መርሆዎች» በሚል የደንበኞቻቸውን ልቀት ለመለካት ተስማሙ፤ በ2021 አማዞንና አይኪያን የመሳሰሉ አስጫኞች በ2040 ዕቃችንን ከካርበን ነጻ በሆነ መርከብ ብቻ እናስጭናለን አሉ። ያም ሆኖ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለመርከብ ካርበን ዓለም አቀፍ ዋጋ ለማውጣት የተጠራው ጉባኤ ውሳኔውን ለአንድ ዓመት አራዝሞታል። ሕግ ይወጣል ብለው በኢንቨስትመንት የቀደሙት ኩባንያዎች ተቃጠሉ፤ የጠበቁት ሳቁ። ቀጣዩን ጊዜ የሚቀድም ቢጠፋ አይፈረድም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ትልቁ ለውጥ የመጣው ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። መንግሥት አጠቃላዩን የነዳጅ ድጎማ አንሥቶ «የታለመ ድጎማ» የተባለውን ጀመረ፤ ናፍጣ በሊትር ወደ 49 ብር ገባ። የሕዝብ ማመላለሻ በቴሌብር እየከፈለ ለጊዜው ከለላ ውስጥ ቆየ፤ ስለዚህ አውቶቡስ ተራ ሒሳቡ ከሌላው ዘግይቶ ነው የደረሰው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ግን የነዳጁ ዋጋ ይዞት ሄደ፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ናፍጣ 99 ብር ገደማ ሆነ። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እጥፍ ማለት ነው። የአውቶቡስ ተራው ሰው ስለ ፖምፓ ሲያወራ ከዚህ ወዲህ ነው በሌላ ድምፅ የሚያወራው፤ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ናፍጣው ውስጥ ተመልሶ መታየት ጀምሯል።

በመሐሉ ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ዓለም ለአየር ንብረት ሲባል የተወሰደ ድፍረት አድርጎ አወራው። ባለሥልጣናቱ ራሳቸው የሰጡት ምክንያት ግን ለነዳጅ የሚከፈለው ዶላር አልተቻለም የሚል ነበር። ኤሌክትሪካችን ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ጨምሮበታል። ናፍጣ በዶላር ይገዛል፣ ዓባይ በብር ይነዳል። ከዚህ የበለጠ ቀላል ስሌት የለም።

ግን ስሌቱ ሙሉ አይደለም፤ ማስረጃውም እዚያው አውቶቡስ ተራ ላይ ቆሟል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር በአውቶቡስ ተራ ስም ጣቢያ አለው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር፣ በአብዛኛው በቻይና ብድር ተሠርቶ 41 ባቡሮች ይዞ ተነሣ። ኤሌክትሪኩ የራሳችን ነው፤ መለዋወጫው ግን የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፣ ትኬቱ ደግሞ በጥቂት ብር ተሸጠ። ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም ተሳቢዎቹን ከመንገዱ አላስወጣም፤ ከሐዲዱ እስከ መጋዘን ያለውን ጉዞ ማን ይሸፍን፣ ባዶ ተመላሹንስ? ወደ ወደብ የምንልከው ከምናመጣው ያነሰ በመሆኑ መኪናውም ኮንቴይነሩም ብዙ ጊዜ ባዶውን ይወርዳል፤ ያ ባዶ ጉዞ ከየትኛውም አሮጌ ሞተር የከፋ ብክነት ነው።

እና የአገር አቋራጩ አውቶቡስ? የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ መታየት ጀምረዋል። ባሕር ዳር ግን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና አቀበት አለ፣ ኃይል መሙያ በመንገዱ እንደ ልብ አይገኝም፣ የፀጥታውም ነገር አለ። እዚያ መስመር ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ባለንብረት ዛሬ ቢጠፋ ትክክል ነው። ፍቼ፣ አምቦ፣ ደብረ ብርሃን ግን እያንዳንዳቸው ከ150 ኪሎ ሜትር በታች ናቸው፤ በአንድ ሙሌት ደርሶ ለመመለስ የሚቀርቡ ርቀቶች። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሌሊት ስለማይጓዝ መኪናው ከምሽት እስከ ንጋት መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ ከዚያ ውስጥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ደግሞ አገሪቱ ኤሌክትሪክ የምትጠቀመው በጣም ባነሰበት ሰዓት ነው። ተራው ተይዟል፣ ጥበቃው አለ፣ ሾፌሩ እዚያው ወንበሩ ላይ ያድራል። የጎደለው ግቢው ውስጥ መሙያውን ለማቆም ገንዘብ የሚያወጣ አካል ነው፤ ማኅበራቱ አንድ በአንድ አቅሙ የላቸውም፣ ባንኩ ለአውቶቡስ እንጂ ለመሰኪያ ማበደር አልለመደም፣ መናኸሪያውም የሚያስተዳድረው ግቢውን ነው። ከእነዚህ አንዱ ከናፍጣው ቁጠባ የራሱ ድርሻ እንዳለው በውል ካልተጻፈለት፣ የፍቼው አውቶቡስ ነገም ንጋት ላይ እያጨሰ ይወጣል።